እትዬ ዘሀራ ጃካርታ የሄዱ ጊዜ

የእትዬ ዘሀራን ማረፍ ልጃቸው ኢማን ደውላ ስትነግረኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ማን ነው ያለው?" የሚል ነበር። ኢማን እያለቀሰች ሳቀች። "እሷን መሰልሽኝ እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከእሳቸው ጋር አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ግሮቭ ሲቲ ያለ ዌርሃውስ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ዕቃ ስናሽግ ብዙ ዓመት ኖረናል። ሰው የነገረኝን ሁሉ እንዳለ መዋጥ የተውኩት እዚያ ነው።

እትዬ ዘሀራ የደሴ ሰው ናቸው። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሂጃባቸውን አገጫቸው ሥር ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ብዙ የማያወሩ ሴት ነበሩ። ኮሎምበስ ውስጥ እንደሳቸው ተጠራጣሪ ሰው አላጋጠመኝም። ብሬክ ሩም ውስጥ ሌላ ሰው የከፈተውን ውሃ አይጠጡም። የማያውቁት ቁጥር ሲደውል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው፣ ጥሪው እስኪያበቃ ድረስ በመዳፋቸው ይጫኑታል። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘራችን ፒዛ ገዝቶ ጋበዘን። እኛ ስንሻማ እሳቸው ራቅ ብለው ቆሙና "ዛሬ ደግሞ ምን ሊያሠራን ነው?" አሉ። ከምሳ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ እንደማይሄድ፣ ኦቨርታይሙ ግዴታ እንደሆነ ተነገረን። እትዬ ዘሀራ ጓንታቸውን አጠለቁ።

ሞርስ ሮድ ላይ ያለው ሥጋ ሻጭ ሲያያቸው ፊቱ ይለወጥ ነበር።

"ማን ነው ያረደው?" ይሉታል።

"እትዬ፣ ሰርተፊኬቱ እኮ ግድግዳው ላይ አለ።"

"ሰርተፊኬቱ ነው ያረደው?"

የአሜሪካ ፓስፖርታቸውን ደግሞ ቤት ትተው አይወጡም። ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከትተው፣ ከልብሳቸው ሥር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ጠዋት ጠዋት ኖርዝላንድ ካለው አፓርትመንታቸው በመኪናዬ የማነሳቸው እኔ ነበርኩና፣ አንድ ቀን ሥራ ለመሄድ ፓስፖርት ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኳቸው። "አንድ ጊዜ ሰው ቆልፎብኛል" አሉ። ከዚያ ውጪ አልጨመሩም።

ኢማን ትልቁ የገበያ ማዕከል ያለበት ፖላሪስ አካባቢ ቢሮ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ኮል አደረገችኝ።

"ሂሩቴ፣ ማሚ ጃካርታ ልትሄድ ነው። ኢንዶኔዥያ። ስካም ነው አልኳት።"

"ምን አሉሽ?"

"'አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምሄደው' አለችኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ዘሀራ በወጣትነታቸው ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ሠርተዋል። እዚያው ቤት ያንቲ የምትባል ኢንዶኔዥያዊት አብራቸው ትሠራ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀራቸው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የቤቱ ሹፌር ያነሳቸው፣ ሁለቱም ባልዲ ይዘው የቆሙበት። ኢማን ይህን ፎቶ የድሮ ጓደኞቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ገጽ ላይ ፖስት አድርጋላቸው ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ "እኔ ያንቲ ነኝ፣ ጃካርታ ነው የምኖረው" የሚል መልእክት መጣ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ዘሀራ አለቀሱ። በማግስቱ መጠርጠር ጀመሩ።

ምክንያት ነበራቸው። መልእክቶቹ የሚመጡት ጥርት ባለ አረብኛ ነው፤ ኢማን በስልኳ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉማ በአማርኛ ትነግራቸዋለች። "ያንቲ እንደኔው የኩሽና አረብኛ ነበር የምታውቀው። መጻፉን የት ተማረች?" አሉ። ቪዲዮ ኮል ሲሏት ካሜራዬ ተበላሽቷል ትላለች። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄ ታበዛለች። የማዳሟ ስም ማን ነበር? የት ነበር የምንተኛው? ያኔ እኔ ሳቂታ ነበርኩ?

"አብራኝ የኖረች ሰው ይህን እኔን ምን አስጠየቃት?" አሉ እትዬ ዘሀራ።

"ገንዘብ ላኪልኝ ብላለች እንዴ?" አልኳቸው።

"አላለችም። እሱ ነው የባሰው።"

"እንግዲያው ብሎክ ያድርጓት።"

መኪናው ውስጥ ነበርን። ከረጢታቸውን በልብሳቸው ላይ ዳሰስ አደረጉ። "ብሎክ ባደርጋትና እሷ ብትሆንስ?" አሉኝ።

ኢማን አራስ ስለነበረች መሄድ አልቻለችም። ትኬቴን እሷ ሸፍና፣ በእንግሊዝኛ እንዳግዛቸውና ከዓይኔ እንዳላጠፋቸው ቃል አስገብታ አብሬ ላከችኝ። በየአገሩ እያረፈ የሚሄድ የርካሽ ርካሽ በረራ ነበር። እትዬ ዘሀራ በጉዞው ሁሉ የአውሮፕላኑን ምግብ አልነኩም፤ ከቤት የያዙትን ዳቦና ቴምር ነው የበሉት።

ከመነሳታችን በፊት ሁለት ነገር አድርገዋል። መጀመሪያ ዕቃ በፖስታ ልልክልሽ ነው ብለው አድራሻዋን ተቀበሉ። ቀጥሎ እሁድ እንደርሳለን ብለው አስጻፉ። ጃካርታ የገባነው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

"ሳይዘጋጁ ነው ማየት" አሉኝ።

ጃካርታ ሙቀቷ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው የተቀበለን። ከኤርፖርት በአውቶቡስ ወጣን፤ ታክሲ እትዬ ዘሀራ እሺ አላሉም። "በሩን ከውስጥ መክፈት የማልችለው መኪና ውስጥ አልገባም" አሉ። ያረፍንበት ርካሽ ክፍል መስኮት አልነበረውም። ሻንጣችንን አስቀምጠን ወዲያው ወጣን። ወደ አድራሻው ቀጥ ብለን የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ከተማውን ማየት አለብን አሉ። "ሰዉ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳላውቅ ቤቱ አልገባም።"

ከተማዋ የምታልቅ አትመስልም። ደመና የሚነካ የመስታወት ሕንፃ ሥር በጋሪ ሩዝ የሚጠብስ ሰው አለ፤ ከእሱ ጎን በሞተር ሳይክል ላይ ተኝቶ የሚያንኮራፋ አለ። የራሱ መንገድ ያለው የከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ስንደርስ በካርድ እንጂ በጥሬ ገንዘብ እንደማይገባ ነገሩን። ግራ ገብቶን ስንቆም አንዲት ተማሪ ልጅ ካርዷን ለሁለታችንም ነካ ነካ አድርጋ አስገባችን። ሂሳቡን ልስጥሽ ስላት እጇን እያወዛወዘች እምቢ አለች። እትዬ ዘሀራ ክፉኛ ተረበሹ።

"ምን ፈልጋ ነው?"

"ምንም። እንግዳ መሆናችንን አይታ ነው።"

"እንግዳ መሆናችንን ያየ ሰው ነው እኮ የሚያስፈራው።"

አውቶቡሱ ውስጥ ከፊት በኩል ለሴቶች ብቻ የተለየ ቦታ አለ። እዚያ ተቀምጠው ልጅቷን ከዓይናቸው አላወጧትም። ልጅቷ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ፌርማታ ወረደች፤ ከውጭ ቆማ በመስታወቱ በኩል እጇን አወዛወዘችልን። እትዬ ዘሀራ አውቶቡሱ እስኪርቅ ዘወር ብለው አዩዋት። ሌላ ሰው ተክታ የሄደች መስሏቸው የቀሩትን ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ሲመረምሩ ቆዩ።

ትልቁ መስጊድ ሄድን። እሳቸው ገብተው ሲሰግዱ እኔ ደጃፉ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጬ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ካቴድራል ሳይ ቆየሁ። ሲወጡ ጫማቸው በፌስታል ተጠቅልሎ ብብታቸው ውስጥ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ጫማውን መደርደሪያው ላይ ነበር የተወው። "መስጊድ ውስጥ እኮ ነው እትዬ ዘሀራ" ስላቸው "አላህ ቤት የሚመጣው ደህና ሰው ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው?" አሉኝ።

ምሳ የበላነው መንገድ ዳር፣ በላስቲክ ጣሪያ ሥር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው። ሩዝ በቡናማ ወረቀት ቀረበልን፤ ሻጯ ስኳር የሌለው ሻይ ሳናዛት አስቀመጠችልን። ሻይ እዚያ ከምግብ ጋር በነፃ ነው። እትዬ ዘሀራ ብርጭቆውን አልነኩትም። ሻጯ ከዚያው ማንቆርቆሪያ ለሌሎቹ ስትቀዳ፣ ሰዎቹ ሲጠጡ፣ ጠጥተውም ደህና ሲሄዱ አዩ። ከዚያ ነው አንድ ጉንጭ ያሉት። ሙቀቱ ሲጠናብን የገበያ ማዕከል ገብተን ቅዝቃዜው ውስጥ አረፍን። ሱቆቹን ዙሪያውን አይተው "ፖላሪስ እኮ ነው፤ ሰው በዛበት እንጂ" አሉ።

እኔ በዚያ ቀን ሁሉንም በእሳቸው ዓይን ማየት ጀምሬ ነበር። ፈገግ ያለልኝን ሰው ሁሉ ለምን ፈገግ አለ እላለሁ። ከኋላችን ሁለት ጊዜ ያየሁት ባለ ቀይ ኮፍያ ወጣት የሚከተለን መሰለኝ። ስነግራቸው "አይቼዋለሁ፤ ጫማ ሻጭ ነው" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አድራሻውን ፍለጋ ሄድን። ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ጀርባ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንደር አለ። ወፍ የታጎረበት ጎጆ በየበሩ ተሰቅሏል፤ ሞተር ሳይክል ሲመጣ ሰው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቤቱን አገኘነው። በሩ ክፍት ነው። እትዬ ዘሀራ ግን አልፈውት ሄዱና ትይዩ ካለች ትንሽ ሱቅ ውሃ ገዝተው፣ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ እርጥብ ልብስ ይዛ ወጣች፤ ማስጣት ጀመረች። ስልኳ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

"አሁን ጻፊላት" አሉኝ በሹክሹክታ። "ምን እየሠራሽ ነው በያት።"

"ያንቲ፣ ሰላም ነሽ? ምን እየሠራሽ ነው?" ብዬ፣ ኢማን ስልኬ ላይ በከፈተችልኝ የራሷ አካውንት፣ በእንግሊዝኛ ጽፌ ወደ አረብኛ አስተርጉሜ ላክሁ። የመስኮቱ ላይ ስልክ ጮኸ። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን አነሳች። አነበበች። መጻፍ ጀመረች። ወዲያው የእኔ ስልክ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።

"ምን አለች?" አሉ እትዬ ዘሀራ።

"'እህቴ፣ ትንሽ ደክሞኝ ጋደም ብያለሁ' ትላለች።"

እትዬ ዘሀራ ልብስ የምታሰጣዋን ልጅ አዩ። የተናደዱ አልመሰለኝም። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ተስፋ መቁረጥ ነው። ለካስ ጥርጣሬያቸው ሐሰት እንዲሆን ሲጸልዩ ኖረዋል።

"እንሂድ በቃ" አልኳቸው። "ፖሊስ ጋ ከፈለጉ ሄደን እንናገር።"

"ምን ወሰደችብኝ ብዬ? ያንቲን የት አገኘቻት? እሱን ትናገር።" ተነስተው መንገዱን ተሻገሩ። ተከተልኳቸው።

ልጅቷ ቀና ብላ ስታያቸው የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ። "ኢቡ ዘሀራ" አለች። በእነሱ አገር እትዬ እንደማለት ነው።

"አንቺ ማን ነሽ?" አሉ እትዬ ዘሀራ በአማርኛ። እኔ በእንግሊዝኛ ደገምኩላት። ልጅቷ ሆቴል ቤት ስለምትሠራ እንግሊዝኛዋ ደህና ነበር። መጀመሪያ ነገ ነው ያላችሁኝ አለች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ሁሉንም ተናገረች። ስሟ ሪና ነው። የያንቲ ልጅ ናት። እናቷ አንድ ጠዋት ወድቃ ግማሽ ጎኗና አንደበቷ ከተያዙ ሁለት ዓመት ሆኗል።

"ስለ ጅዳ አንድም ቀን አውርታኝ አታውቅም" አለች። "አንድ ቀን ትነግረኛለች እያልኩ ስጠብቅ፣ መናገር አቃታት። ከዚያ የእናንተን ፎቶ አገኘሁ፤ እናቴ ዘንድም ያው ፎቶ አለ። በራሴ ስም ብጽፍ የማትመልሱልኝ መሰለኝ። አረብኛውን ስልኬ ነው የተረጎመልኝ። እናቴ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።"

የምትለውን እየተረጎምኩ የእትዬ ዘሀራን ፊት አያለሁ። ያመኑ አልመሰለኝም። "የታለች?" አሉ ብቻ።

ውስጥ ገባን። መስኮቱ ሥር በተነጠፈች አልጋ ላይ አንዲት ትንሽ ሴት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አፏ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። እትዬ ዘሀራ አላቀፏትም፤ ሰላምም አላሏት። አጠገቧ ተንበረከኩና ቀኝ እጇን አንስተው እጅጌዋን ሰበሰቡ። ከእጅ አንጓዋ በላይ የካውያ ጫፍ የመሰለ ትንሽ አሮጌ ጠባሳ አለ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከሱ ከፍ ብሎ ሌሎች ጠባሳዎች ነበሩ። እነዚያን እያዩ ቆዩ፤ የሚያውቋቸው አይመስሉም ነበር።

ያኔ ያንቲ ግራ እጇን ቀስ ብላ አነሳችና የራሷን ጆሮ ጎተተች።

እትዬ ዘሀራ የራሳቸውን ጆሮ ጎተቱ። ያንቲ በጣቷ አገጯን መታ መታ አደረገች። እትዬ ዘሀራ ሆዳቸውን ይዘው ጉንጫቸውን ነፉ። የያንቲ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀች ነው። ሪና በሩ ላይ እንደቆመች አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"ምንድን ነው? ምን እያሉ ነው?" አለችኝ።

እትዬ ዘሀራ እንባቸውን ሳይጠርጉ ነገሩኝ፤ እኔም ለሪና ነገርኳት። ማዳሟ ሁለቱ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው እንዲያወሩ አትፈቅድም ነበር። ሲንሾካሾኩ ከሰማች አንዷን መጋዘን ውስጥ ቆልፋ ታሳድራለች። ስለዚህ በእጅ ማውራት ለመዱ። ጆሮ መጎተት ማዳም መጣች ማለት ነው፤ አገጭ መምታት የተረፈ ምግብ ደብቄልሻለሁ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ድምፅ አውጥተው የተነጋገሩት ቃል ቢለቀም ጥቂት ነው።

"እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር አላወራችም" አለች ሪና።

እትዬ ዘሀራ ያን አመሻሽ ያህል ሲያወሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቻቸው አላውቅም። የያንቲን እጅ እንደያዙ ወደ ልጅቷ እየዞሩ፣ እኔ እየተረጎምኩ፣ ያንቲ እያዳመጠች። ያንቲ በጣም ሳቂታ ነበረች አሉ፤ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ፎጣ ውስጥ ትቀብር ነበር። የሥራ ዘመናቸው አልቆ ማዳሟ አልለቅም ስትላቸው፣ የእትዬ ዘሀራን ፓስፖርት ከተቆለፈበት መሳቢያ ያወጣችው ያንቲ ናት። ቁልፉን ማዳሟ ስትታጠብ ወሰደችው። የራሷ ፓስፖርት እዚያ አልነበረም።

"አብረን እንጥፋ አልኳት በእጄ" አሉ እትዬ ዘሀራ። "እሷ ግን እንዲህ አለችኝ።" ክንዳቸውን አጥፈው ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ወዘወዙት። "አንቺ ልጅ አለሽ ማለቷ ነው። ኢማንን ለእናቴ ደሴ ትቻት ነበር። ጎህ ሲቀድ ቆሻሻ የምደፋ መስዬ ወጣሁ።"

ከዚያ ዞር ብለው ያንቲን አዩ። ደረታቸውን ነኩ፣ በሁለት ጣታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ የሚሄድ ሰው አስመሰሉ፣ ወደሷ ጠቆሙና መዳፋቸውን ዘረጉ። ይህ ለእኔም ገባኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ አንቺስ?

ያንቲ ግራ እጇን አነሳችና ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው አዞረችው። ከዚያ መዳፏን ዓይኖቿ ላይ አድርጋ ቆየች፤ በጣም ቆየች። ስታነሳው በጣቶቿ ሌላ ነገር አለች፣ አጭር ነገር፤ እሱን አላወቅሁትም። እትዬ ዘሀራ ግን አወቁት። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ።

"ምን አለች?" አለች ሪና። አልጋው እግር ሥር ተንበርክካ ነበር። "ስለዚያ ቤት ነው? ምን አለች?"

እትዬ ዘሀራ ወደኔ ዞሩ። ድምፃቸው እንደወትሮው ነበር።

"'ምንም አላደረጉኝም፣ ትንሽ ተቆጥተው በሰላም ወደ አገሬ ላኩኝ' ትላለች በያት።"

ተረጎምኩላት። ሪና ግንባሯን እናቷ እግር ላይ ደፍታ አለቀሰች። ያንቲ አማርኛም እንግሊዝኛም አታውቅም፤ ግን እትዬ ዘሀራን አየቻቸው፣ ቀጥሎ ልጇን አየች፣ ከዚያ ደህናዋን እጇን የሪና ራስ ላይ አሳረፈች።

ከተመለስን ከወራት በኋላ፣ ወደ ሥራ ስንሄድ መኪና ውስጥ ጠየቅኳቸው። "እትዬ ዘሀራ፣ ያን ቀን ያንቲ ያለችው እውነት እንደዚያ ነው?"

"ምነው፣ ተጠራጠርሽ?" አሉኝ። ግሮቭ ሲቲ እስክንደርስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያዩ ሄዱ። ሁለተኛ አላነሳሁባቸውም።

ያንቲ በሚቀጥለው ዓመት አረፈች። አሁን ደግሞ እሳቸው። ከቀብሩ ማግስት ሪና የሐዘን መልእክት ላከችልኝ፤ መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ነበረበት። ኢቡ ዘሀራ ስለዚያ ቤት ለብቻሽ የነገሩሽ ሌላ ነገር አለ ወይ ትላለች። ስልኬን እንደያዝኩ የተዘወረውን ቁልፍ አሰብኩ፣ እነዚያን ጠባሳዎች አሰብኩ።

"የለም" ብዬ ጻፍኩላት። "ያኔ የሰማሽውን ነው። በሰላም ነው የላኳት።"